ቢላውን ጠይቄ ድስቱን ረሳሁ

ረቡዕ፣ ጥር 13

ሦስት ምግብ ቤት፣ አንድ ጁስ ቤት። ጁስ ቤቱ መፍጫ ሥር የሞተ በረሮ። ባለቤትየው ዛሬ ነው የገባው አለኝ፣ እንግዳ የመጣበት ይመስል። ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ። ምሳ አልበላሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ከጤና ጽ/ቤት እየተላክሁ የሰው ማዕድ ቤት ስፈትሽ ሆዴ እስከ ዛሬ አልለመደም። አስቴር ይህን ሥራ የመረጥከው ራስህን ለመቅጣት ነው ትለኛለች። ሚስት ነገር አይጠፋትም።

ከሰዓት አዲሱ ሆቴል። ሥ/አስኪያጁ አቶ ሰለሞን ሁለት የጥሪ ካርድ በፖስታ አድርጎ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ። ቅዳሜ ማታ አምስት ዓይነት ምግብ፣ ለእያንዳንዱ ለብቻው የተመረጠ ወይን። ምግቡና ወይኑ ይጋባሉ አለኝ። ሼፍም የወይን ባለሙያም ከአ.አ. አስመጥቷል። አሶሳ እንዲህ ዓይነት ነገር አይታ አታውቅም አለ። እውነቱን ነው።

ከምቆጣጠረው ቤት ካርድ መቀበል የለብኝም። ተቀበልኩ። ደብተሬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፤ ጓጓሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 14

አስቴር አልሄድም አለች። የወለጋ ጴንጤ ናት፣ የወይን ጠርሙስ ካለበት ጠረጴዛ አትቀመጥም። ሐሚድን ውሰደው አለችኝ።

ሐሚድ ግድግዳ የሚለየን ጎረቤቴ ነው። የመንጌ ሰው፣ ማር ነጋዴ፣ አማርኛው ወንድና ሴቱን፣ አንተና እሱን አንዳንዴ ያምታታል። ሃያ ዓመት አብረን ኖረናል። ልጄ ሄኖክ ሲመረቅ የሙስሊም እንግዶቼን ፍየል በገዛ ቢላው አርዶ፣ ድስቱንም ከቤቱ ይዞ መጣልኝ። እሱ ትልቁን ልጁን ሲድር ደግሞ ዋዜማው ላይ በግ ከነሕይወቱ ላከልኝ፣ ለክርስቲያኖቹ እኛው እንድናርድ። ሁለት ድስት፣ አንድ ግቢ። ተቀላቅሎብን አያውቅም።

ካርዱን ሳሳየው ደስ አለው። ሴት ልጁ ኩልሱም እሑድ ጥር 24 ታገባለች፣ ረመዳን ሳይገባ። የሆቴሉን አሠራር ልይ አለ። የወይኑ ነገር አላስጨነቀውም፣ የሚጠጣው ሌላ ሰው ነው። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ፦ "ሥጋው ማን አረደው? እሱን ንገረኝ፣ ሌላው ቀላል ነው።"

ዓርብ፣ ጥር 15

ጠየቅሁ። አቶ ሰለሞን በጉ የመጣው ገበያ ውስጥ ካለው የሐጂ ሥጋ ቤት ነው አለ። ለሙስሊም እንግዶችም በወይኑ ፋንታ አምስት ዓይነት ጁስ ተዘጋጅቷል።

አላመንኩትም። ሐጂ ሥጋ ቤት ራሴ ሄድኩ። በጎቹን በገዛ እጁ ቢስሚላህ ብሎ እንደሚያርድ ነገረኝ፣ የሆቴሉንም ትዕዛዝ አሳየኝ። (የሥጋ መቁረጫው ግንድ ግን ይቅር የሚባል አይደለም። ዝንብ። አስፋፍቄዋለሁ።)

ለሐሚድ በአጥር ላይ ነገርኩት። አንተ ካልክ አለቀ አለኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

እሑድ፣ ጥር 17፣ ጠዋት 3፡00

ጥርሴን ሦስት ጊዜ ቦረሽኩ። አፌ አሁንም ሌላ ሰው ያደረበት ይመስላል።

ከየት ልጀምር። ለአንድ ሰው አምስት ብርጭቆ፣ አራት ሹካ። በየጠረጴዛው መሐል የምታብረቀርቅ ትንሽ ባልዲ። ከእኛ ጋር የተቀመጡት ሽማግሌ ኮንትራክተር ባልዲዋን ሲያዩ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ከጆጉ እያፈሰሱ እጃቸውን ታጠቡባት። ምን ያድርጉ፣ ሳይታጠቡ ይበላል እንዴ። ሐሚድም ተከተላቸው። እኔም።

ቀጥሎ የወይን ባለሙያዋ መጣች። ቀጭን ልጅ፣ ጥቁር በጥቁር። ብርጭቆውን አዟዟረች፣ አፍንጫዋን ከተተችበት፣ ተጎነጨች፣ አፏ ውስጥ አጉመጠመጠችው። ከዚያ ባልዲዋ ውስጥ ተፋችው። ምግብ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ! እየሳቀች! እናንተም ትችላላችሁ አለችን። ከዚህ ባነሰ ጥፋት ጠላ ቤት ዘግቻለሁ።

1ኛ፦ የቀርከሃ ቡቃያ፣ ከላዩ አረፋ። አረፋ እኔ አውቃለሁ፣ በደንብ ያልተለቀለቀ ሳህን ላይ። ይመራል። ሐሚድ ቀምሶ ሳቀ፤ መንጌ ላይ ሴቶቹ ሦስት ጊዜ ቀቅለው ውኃውን ሦስት ጊዜ ይደፉታል። ሼፉ ናቲ አንዴ ቀቅሎ አቅርቦልናል። ባለሙያዋ ምሬቱና ነጩ ወይን ይነጋገራሉ አለች። ሐሚድ በጆሮዬ፣ "ይጣላሉ እንጂ!"

2ኛ፦ ቀዝቃዛ የባሚያ ሾርባ። ቀዝቃዛ! ማንኪያውን ሳነሳ ልጋጉ እስከ አገጬ ተከተለኝ። የኮንትራክተሩ ጢም ላይ ደርቆ ቀረ። እያየሁት አመሸሁ። ወይኑ የራሰ ጫማ ይሸታል። ባለሙያዋ የአፈሩ ጣዕም ነው አለች። እኔ አፈር አፈር ያለኝን ምግብ አስደፋለሁ፣ እዚህ ይጨበጨብለታል።

3ኛ፦ ዓሣ። ግማሹ ጥሬ፣ ዓይኑ ከነቦታው። አየኝ። አየሁት። ሳህኑን ገፋሁ።

4ኛ፦ የበግ ሥጋ፣ ጥቁር መረቅ ውስጥ። ሼፉ ራሱ ወጥቶ የምግቡን ስም በፈረንሳይኛ ነገረን፣ ሁላችንም እንደገባው ሰው ራሳችንን ነቀነቅን። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ጣፈጠ። ሥጋው በሹካ ሲነካ ይፈርሳል። ሐሚድ የራሱን ጨርሶ ሌላ አስጨመረ፣ ሳህኑን በዳቦ ጠረገው። ከቀዩ የከርከዴ አበባ ጁሱ ጋር ወላሂ ይጋባል አለ። ምሽቱን ሙሉ የሚበላ ነገር የተገኘው ይሄ ብቻ ነው።

5ኛ፦ የአሶሳ ማንጎ ከፍየል አይብ ጋር። አይቡ የወታደር ካልሲ። ለማንጎው አዘንኩ።

ከዚያ አቶ ሰለሞን ማይክ ይዞ "የተከበሩ የጤና ተቆጣጣሪያችን በመካከላችን በመገኘታቸው" አለና አስጨበጨበልኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዓሣው ዓይን የከፋው ያ ነበር።

ሐሚድ ግን እየሳቀ ገባ። ማር ነጋዴ መሆኑ ነው፣ ከሬት ውስጥም ጣፋጩን ለይቶ ያወጣል።

ሰኞ፣ ጥር 18፣ 10፡00

የቢሮዬን በር ቆልፌ ነው የምጽፈው።

ጠዋት የወር ፍተሻ፣ ተራው የአዲሱ ሆቴል። ማዕድ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ምንም ላገኝበት አልቻልኩም። ምድጃው ሥር ግን ስድስት ባዶ የቀይ ወይን ጠርሙስ ተሰልፏል። አብሳዮቹ በሥራ ሰዓት ይጠጣሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁ፣ ለመቅጣት አስቤ። ሼፍ ናቲ ሳቀ። ማንም አልጠጣውም፣ በጉ ነው የጠጣው አለኝ። ሥጋው ከዓርብ ጀምሮ ወይኑ ውስጥ ተዘፍዝፎ አደረ፣ ቅዳሜ እዚያው ወይን ውስጥ ስድስት ሰዓት በሰለ። ያ ጥቁር መረቅ ወይኑ ነው። በፈረንሳይኛ የነገረን ስሙም እሱኑ ነው።

ለሙስሊሞቹስ አልኩት። ጁስ ተሰጣቸው አይደል አለኝ። አይፈረድበትም፣ ገና ልጅ ነው፣ ከመጣ ሁለት ሳምንት አልሞላውም።

ማን አረደው ብዬ ጠየቅሁ። በእግሬ ሄጄ ቢላውን አየሁ። በምን በሰለ ብዬ ግን አልጠየቅሁም። እዚህ አገር ማን ይጠይቃል? አባቴ ከወሎ ሰፋሪ ሆኖ ከመጣ ጀምሮ እኛ ቤት የሚጠየቀው ቢላ ነው። ሥጋ ውስጥ ወይን የሚጨምር ሰው በየት አገር አይተን።

ሐሚድ ሁለት ሳህን በላ። በዳቦ ጠረገው።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ጠዋት ልነግረው ወጣሁ። እሱ ቀደመኝ። በአጥሩ ላይ ፊቱ በርቷል። ከሼፉ ጋር ተነጋግሬ ጨረስኩ አለኝ። "ኩልሱም እሑድ ያገባል። ያ ሥጋ ነው የማበላው። መንጌ፣ ኩርሙክ፣ ዘመድ ሁሉ ይበላል።" ሼፉ ድስቱን ይዞ እዚሁ ግቢ ድረስ ይመጣል። በጎቹን ሐሚድ ራሱ ያርዳል።

ምን አልኩ? መልካም ነው አልኩ። መልካም!

ከሰዓት ከሆቴሉ ሪባን የታሰረበት አንድ ጠርሙስ ቢሮዬ ድረስ መጣልኝ። መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ራሴን ባሸት እሱን እሱን የምሸት መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

መላ መታሁ። ሼፉ ጋ ሄድኩ። እሑድ የምታበስለው ለሙስሊም ሠርግ ነው፣ ጠብታ ወይን እንዳይነካው አልኩት። በእሳት ይተናል ብሎ ተከራከረኝ። ሁሉም አይተንም፣ ቢተንም ነገሩ ያው ነው አልኩት። ያለ ወይን ያ ምግብ አይደለም ብሎ አኮረፈ። ቤትህን እዘጋለሁ አልኩት። በጎምዛዛው የሁመር ፍሬና በከርከዴ ሊሞክረው ተስማማ።

እንግዲህ አለቀ። ሠርጉ ይተርፋል። የቅዳሜው ደግሞ ሳያውቅ የበላው ነው፣ ላላወቀ ኃጢአት የለበትም ሲባል ከራሱ ከሐሚድ አፍ ሰምቻለሁ። ብነግረው የማስታምመው ሕሊናዬን ነው፣ የሚታመመው እሱ። አልዋሸሁም። ዝም ነው ያልኩት።

አስቴር እራት ላይ ምነው አትበላም አለች። አመድ አመድ አለኝ። የሰው ማሰሮ ውስጥ በባትሪ የምፈልገው ቆሻሻ ዛሬ የራሴ ሳህን ላይ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 21፣ 12፡30

ነገርኩት።

እንዲህ ነበር። ከሥራ ስመለስ የሐሚድ ግቢ ሞልቷል። የመንጌና የኩርሙክ ዘመዶች ገብተዋል፣ ዳስ ይተከላል። ና ግባ አለኝ፣ ገባሁ። አጎቱ፣ ዘጠና የሚጠጉ ዓይነ ደካማ ሽማግሌ፣ በበርታኛ የሆነ ነገር ይጠይቁታል። ሐሚድ ተረጎመልኝ። ወይን የሚሸጥ ቤት ሰው ለኒካህ ያበስላል ሲባል ሰምተው ሆዳቸው አልቆረጠም። እኔን በጣቱ አሳያቸው። "አቡ ሄኖክ አለ። እሱ ጠይቋል። እሱ ካለ አለቀ።"

ሽማግሌው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። አላህ ይስጥህ አሉኝ፣ ይህንን በአማርኛ። እጃቸው ደረቅና ሞቃት ነው። የኔው ላብ በላብ። ስሜ በዚያ ግቢ ከቢላው እኩል ነው ለካ።

ሐሚድን ወደ ማር መጋዘኑ ጓሮ ጎትቼ ሁሉንም ነገርኩት። ስድስቱን ጠርሙስ። ዓርብ መዘፍዘፉን። የእሑዱ በሁመር እንደሚሠራ ጭምር፣ ጥሩ ነገር የሠራሁ ይመስል።

ሐሚድ ከግድግዳው ሥር ለሶላት የሚታጠብበትን የውዱ ጀበናውን አነሳ። ውኃውን ተጎነጨ፣ አፉን ተጉመጠመጠ፣ መሬት ላይ ተፋ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ቅዳሜ ያቺ ልጅ ስትተፋ ዓይኔን አፍጥጬ እየተጸየፍኩ አየኋት። ይሄንን ማየት አቃተኝ።

ከዚያ መቼ አወቅህ አለኝ። ሰኞ አልኩት። በጣቱ ቆጠረ።

"ሥጋው እኔ አላወቅሁም፤ አላህ ይቅር ይላል። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ግን አንተ ያውቃል።"

ወደ እንግዶቹ ተመለሰ። እኔ በጓሮ በር ወጣሁ።

ዓርብ፣ ጥር 22

ሐሚድ ሼፉን አሰናበተው። ለዘመዶቹ ሼፉ ታመመ አላቸው። ይህንን ሚስቱ ሐዋ ለአስቴር ነገረቻት። ስለ እኔ አንዲት ቃል አልወጣውም። ስሜን ሸፈነልኝ። ቢያዋርደኝ ይሻለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ቢሮ። ጠርሙሱን ከመሳቢያ አውጥቼ በጽ/ቤቱ ሾፌር መለስኩ፣ ከነሪባኑ። ስለ እራቱ ሪፖርት ጻፍኩ። መትፊያ ባልዲ ከምግብ ጠረጴዛ ላይ ይነሣ፤ ምግብ ውስጥ አልኮል ካለ እንግዳው በሚገባው ቋንቋ አስቀድሞ ይነገረው። መጨረሻው ላይ ደግሞ፦ እኔም ከምቆጣጠረው ድርጅት የጥሪ ካርድ ተቀብያለሁ።

ኃላፊዬ አነበበና የመጨረሻዋን መስመር ሰርዛት አለኝ። ለሱም ካርድ ተልኮለት ኖሯል፣ ጀርባዬ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጦ ነበር፣ ባሚያውን ወዶታል። አልሰርዝም አልኩ። ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አነሳው፣ እኔ የሞተ በረሮ እንደማነሳው።

ቅዳሜ፣ ጥር 23፣ 9፡00

ዛሬ ዋዜማ ነው። በጉ አልመጣም።

ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ነኝ። አጥሩን እጠግናለሁ እያልኩ አንዲት ሚስማር አሥር ጊዜ መታሁ። በባለፈው ድግስ በጉ ፀሐይ ሳይሞቅ ነበር የመጣው። ከማዶ ከበሮ እየተሞከረ ነው። በጎቹ ሲጮሁ ይሰማኛል። አንዱ የኛ ነው? የለም ይሆናል። በግ ካልመጣ አልተጠራሁም ማለት ነው፤ እኔም ብቻ አይደለሁም፣ በእኔ በኩል የሚጠራው የሰፈሩ ክርስቲያን ሁሉ። ነገ ሰው ምነው ሲለኝ ምን እላለሁ?

አስቴር ራስህ ሂድ አለችኝ። በምን ፊቴ። በዚያው በተሸከምከው ፊት አለች።

11፡30

ሐዋ መጣች። እጇ ባዶ ነው፣ በግ የለም። እጇ እስከ ክርኗ ሂና ነው። አልገባም፣ ሥራ አለብኝ ብላ በሩ ላይ ቆመች። ከሐሚድ የተላከች ናት። ዓይኔን እያየች አልተናገረችም፣ መሬቱን እያየች ትምህርቱን በቃሉ እንደሚወጣ ልጅ ዘረዘረችው።

በጉ ዘንድሮ ወደኛ አይመጣም። ግቢያቸው ውስጥ ታስሯል። ነገ ጎህ ሲቀድ ቢላዬን ይዤ እዚያው ሄጄ፣ ሰው እያየ፣ እኔው አርዳለሁ። ከዚያ አልመለስም። ነጩን የሥራ ጋውኔን ለብሼ እሳቱ ጋ እቆማለሁ። ጨውም ይሁን ውኃ እኔ ሳላየው ድስት ውስጥ አይገባም። ምሳ እስኪነሣ ከዚያ ንቅንቅ የለም።

የክርስቲያኖቹን ድስት ነው አይደል የምጠብቀው አልኳት።

ሁለቱንም አለች ሐዋ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "ሁለቱም ድስት አቡ ሄኖክ ይጠብቃል፣ ብሏል።"

እሑድ፣ ጥር 24፣ ከንጋቱ 11፡00

ጋውኑን አስቴር ተኩሳዋለች። ቢላውን ሳልኩ፣ አጠብኩ፣ በፈላ ውኃ ደግሜ አጠብኩ።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ጭስ፣ ሞራ፣ የአንጀት ሽታ፣ ዝንብ። እንደሚያጥወለውለኝ አውቃለሁ። ከድስቱ ፈቀቅ ብዬ አላስታውክም፤ እውጠዋለሁ። ሐሚድ ሊያናግረኝም ላያናግረኝም ይችላል። ከማዶ እንጨት ሲፈለጥ ይሰማኛል፣ እሳቱን ሊያያይዙት ነው። ከእኔ በፊት ውኃ እንዳይጥዱ መሄድ አለብኝ። ደብተሬ፣ ማታ እነግርሃለሁ።